ከመተማ ማዶ፦ ስለ ሱዳን ኑሮ የሚባለውና ያለው

ከሳንጃና ከመተማ ቆላ ለሥራ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር ሰው ከስንቁ በፊት ምክር ይሸከማል። የምክሩ ግማሽ ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። በዚህ የተነሳ ሰው የማያስፈራውን ሲፈራ፣ ሊጠነቀቅለት የሚገባውን ይዘነጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የሰዓት ነገር ነው። «በእኛ ሰዓት ላይ ስድስት ደምር፣ የሱዳንን ታገኛለህ» ይባላል። ድሮ ትክክል ነበር። ሱዳን ግን ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። መተማ ዮሐንስ ላይ ከጠዋቱ 3፡00 ሲሆን፣ እዚያው አጠገብ ጋላባት ላይ 9፡00 ሳይሆን 8፡00 ነው። የሚደመረው አምስት ነው ማለት ነው። ስድስት የሚደምር ሰው ማዶ ላለው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ የሱዳንን ሰዓት አይቶ ወደ መተማ ሲመለስ ግን አንድ ሰዓት ይዘገያል። መኪና የሚያመልጠው ያኔ ነው።

«ሱዳኖች ቁርስ አይበሉም» የሚለውም የመጣው ከሰዓቱ ነው። ማለዳ ሻይ ይጠጣሉ፣ ቢበዛ ብስኩት ይጨምሩበታል። ዋናው ቁርስ፣ ፉጡር፣ ረፋድ ላይ በእኛ አምስት ሰዓት ገደማ ይቀርባል። ያኔ ሥራ ይቆማል፤ ሰው ትሪ ከቦ ከአንድ ሳህን በቀኝ እጁ ይበላል፤ አላፊ አግዳሚውም «ና ብላ» ይባላል። ማልዶ ለብቻው በልቶ የጨረሰ እንግዳ ከዚያ ክብ ውጭ ይቀራል። ትውውቁም፣ የሥራ ወሬውም ያለው እዚያ ስለሆነ፣ እኔ ብጠየቅ ሆድን ለረፋድ አቆዩ እላለሁ።

ጾመኛ ይቸገራል የሚባለው እውነት አይደለም። ፉል በሰሊጥ ዘይት የዘወትር ምግብ ነው፤ አይብ እንዳይጨመርበት መናገር ብቻ ነው። ከማሽላ የሚጋገረው ኪስራ ስስና ዓይን የሌለው ቢሆንም፣ የቆላ ሰው ከቡኮው ጀምሮ ጣዕሙን ያውቀዋል። የሥጋው ነገር ግን እውነት ነው፦ ገበያ ላይ ያለው በሙስሊም የታረደ ነው፤ የክርስቲያን እርድ ብቻ የሚበላ ሰው ቀድሞ ይወቀው።

ሴቶቻችንን ሲያስፈራ የኖረው «ሱሪ የለበሰች ትገረፋለች» የሚለው ወሬ መሠረት ነበረው፤ ብዙዎችን ያንገላታው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ግን በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተሽሯል። ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎችም በሐምሌ 2012 መጠጥ ተፈቅዷል። ያም ሆኖ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የወረቀት ሕግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መንገዱን ሰሞኑን ከዚያ የመጣ ሰው ይጠየቅ።

ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚሄደው ግን የእሑድ ጉዳይ ነው። ሱዳን የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ የሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን መሳም የሚፈልግ ሠራተኛ ደመወዙን ሲዋዋል የእሑድን ጠዋትም አብሮ ይዋዋል።