«ድርቀት» የሚለው ስም የሸፈነው

የሆድ ድርቀት የሚለው ስም ሕመሙ ገና ሳይመረመር መድኃኒቱን ያዝዛል። የደረቀ ነገር በውኃ ይርሳል፤ ስለዚህ ውኃ አብዙ፣ ተልባ ጠጡ፣ ጎመን ብሉ ይባላል። ይህ ካልሠራ የሚያስቀምጥ ክኒን ይከተላል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ብዙ ሰው ይገላገልበታል። ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቀው ድርቀት ግን ከኪስም ከዕድሜም ይህን ያህል የሚወስደው፣ በአመዛኙ፣ የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ጠርተን ለሁሉም ያንኑ መድኃኒት ስለምንደጋግም ነው ባይ ነኝ።

ትልቁ አንጀት ከምግቡ ቅሪት በቀን አንድ ሊትር ያህል ውኃ እየመጠጠ ለሰውነት ይመልሳል። ቅሪቱ በዘገየ ቁጥር የሚመጠጠው ይበዛና የፍየል በጠጥ የመሰለ ጠጣር ነገር ይቀራል። አንዱ ሰው አንጀቱ ደኅና እየሠራ የሚጎድለው አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብና ፈሳሽ ነው፤ ለእሱ ተልባው ያዋጣዋል። የሌላው አንጀት ራሱ ዳተኛ ነው። ለዚህ ሰው አሰር አብዛ ማለት በቆመ ወፍጮ ላይ እህል መከመር ሊሆን ይችላል፤ ሆዱ ይነፋል እንጂ አይወጣለትም። ሦስተኛው ከሁሉም የተረሳ ነው። ሰገራው ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ተጉዞም በሩ ላይ ደርሷል። ሰውየው ሲያምጥ ግን (ቋንቋችን ለወላድ ያወጣውን ቃል እዚህም ማዋሉ ያለ ነገር አይደለም) መላላት የሚገባው የዳሌ ወለል ጡንቻ ይብሱን ይጨመደዳል። በአንድ እጅ በር እየገፉ በሌላው እንደ መያዝ ነው። የቆየ ድርቀት ይዟቸው ስፔሻሊስት ዘንድ ከሚደርሱት ከሦስቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ ሰው ነው። እሱ ዘንድ የደረቀ ነገር ላይኖር ይችላል።

ወጪውን ቆጥረው ካስቀመጡ አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በ2017/18 የበጀት ዓመት የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለድርቀት ሕክምና 162 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። ከዚህ ውስጥ 71 ሚሊዮኑ ሳይታሰብ በድንገተኛ ሆስፒታል ለገቡ ሕሙማን፣ 91 ሚሊዮኑ በሐኪም ለታዘዙ ማለስለሻዎች ነበር። በዚያ ዓመት በድርቀት ሳቢያ ሆስፒታል የተኙት 71,430 ሰዎች ናቸው፤ በቀን 196 መሆኑ ነው። ሰው ከኪሱ አውጥቶ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ጠዋት ሽንት ቤት የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት፣ መንገድ ያለ ቀን የሚዘለለው ቁርስ፣ «ሆዴን ነው» ማለት አፍሮ በራስ ምታት ስም የሚወሰደው የሥራ ፈቃድማ ጭራሽ አይቆጠርም። አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፦ አንጀቱ ውስጥ በተጋገረው ሰገራ ዙሪያ ፈሳሹ እያመለጠ ሲወጣ ተቅማጥ ይመስላል፤ አስታማሚውም ተቅማጥ ማቆሚያ ይሰጠዋል።

«አይገድልም፤ ሐኪም ስንት የሚያሳስበው ነገር አለ» የሚል አይጠፋም። በቀን 196 አልጋ ግን ከሌላ በሽተኛ የተወሰደ አልጋ ነው። «አመጋገቡን ያስተካክል» የሚለው ደግሞ ጥፋቱን በበሽተኛው ላይ ይጥላል። ጾሙን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን የሚገፋ ሰው በአሰር እጥረት አይታማም፤ እሱንም ግን ይይዘዋል። ለደም ማነስ የሚታዘዘው የአይረን ክኒን፣ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ፣ አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ወይም የታይሮይድ ዕጢ መድከም ብቻውን ሆድ ያደርቃል። ማለስለሻ አንጀትን ያሰንፋል የሚለው ፍርሃትም በታዘዘው መጠን ለሚወስድ ሰው ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘለትም። ፈርቶ አንድ ቀን እየዋጠ ሳምንት የሚተው ሰው መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እንኳ ሳያውቅ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የምርመራው ዋጋ ነው፤ ሆዱ የደረቀበትን ሁሉ መመርመር በእርግጥ አይቻልም። ደም ካልታየ፣ ሰውነት ካልከሳ፣ በጎልማሳ ዕድሜ ድንገት የመጣ ካልሆነ በስተቀር መጀመሪያ አሰሩንና ማለስለሻውን ለጥቂት ሳምንታት በወጉ መሞከር ተገቢ ነው። ካልሠራ ግን ሌላ ዓይነት ማለስለሻ ከመቀያየር በፊት አንዲት ትንሽ ፊኛ አለች። ፊንጢጣ ውስጥ ትገባና 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ትሞላለች፤ ሰውየው ሽንት ቤት ተቀምጦ እንዲያስወጣት ይጠየቃል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልወጣች የዳሌው ጡንቻ ያጠራጥራል። ከዚያ የሚቀጥለው ጡንቻውን በስክሪን እያዩ መላላትን የሚያለማምድ ሥልጠና ነው፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ፊኛዋ ርካሽ ናት። ወደ እሷ የሚያደርሰው ጥያቄ ግን «በስንት ቀን አንዴ ይቀመጣሉ?» የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። በየቀኑ ሄዶ፣ በየቀኑ ሳይጨርስ የሚመለስ ሰው «በየቀኑ» ብሎ ይመልሳልና።