ስለ አጥንት ስብራትና ስለ መጀመሪያው ርዳታ

ፈጣሪ በጥበቡ ለአጥንት ራሱን የመጠገን ኃይል ስለ ሰጠው፣ የሐኪም ተግባር የተሰበረውን ወደ ሥፍራው መልሶ እስኪጋጠም ድረስ እንዳይናወጥ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህም የጤና ጣቢያው ነርስ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መጋጠሚያዎች ጭምር በእንጨትና በጨርቅ ደግፎ ያስራል፣ ከማሰሩ በፊትም ሆነ በኋላ የጣቶቹን ሙቀት፣ ቀለምና የደም ትርታ ይመረምራል። ወጌሻዎቻችን፣ እጃቸው የተባረከ ብዙዎች እንዳሉ ባልክድም፣ አንዳንዶቹ ቀርከሃውን አጥብቀው ሲጠፍሩት እብጠቱ መውጫ ያጣና ደም ይታገዳል፤ ጣት ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ፣ ሕመሙም እያደር ከበረታ፣ ማሰሪያው ወዲያው ካልተፈታ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥጋው ሞቶ ነገሩ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ እንደ ሆነ ግን፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የቴታነስ መከላከያ ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል። የጭን አጥንት ስብራት በውጭ ሳይታይ ከ1 ሊትር በላይ ደም ሊያፈስ ይችላልና፣ እንዲህ የተጎዳውንም ወደ ሆስፒታል መላክ ሊዘገይ አይገባም።