ትዝታችንን ለልጆቻችን እንዴት እናውርስ?

አንድ ማኅበረሰብ ያለፈውን የሚያስታውሰው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእድር፣ በሰደቃ፣ በአባቶች ጨዋታ፣ በመንደር ስምም ያስታውሳል። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ሃልብዋክስ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ትዝታውን የሚያደራጀው አብሮት በሚኖረው ወገን ውስጥ ሆኖ መሆኑን አስረድቷል። እንግዲያውስ ልጆቻችን ነገ የሚያስታውሱት ዛሬ እኛ የምንነግራቸውን ነው። ምን እየነገርናቸው ይሆን?

አንዳንዶቻችን «ለሰላም ሲባል ያለፈው ይረሳ» እንላለን። ነገር ግን በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ መገደዳቸውን ብንደብቅ የምናተርፈው ሰላም ሳይሆን ዝምታ ነው። የተሸፈነ ቁስል ያመረቅዛል እንጂ አይድንም። ሌሎቻችን ደግሞ በደሉን ብቻ ቆጥረን እናወርሳለን። ይህ ግማሽ ትዝታ ነው፤ ቂም የሚበቅለውም በዚሁ ግማሽ ላይ ነው።

የቅርቡን እንመልከት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ ለምንውል፣ በአንድ ለቅሶ ለምንቀመጥ ሙስሊሞች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጆቻችን ያን ቀን ይወቁት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.ንም ይወቁ። ያን ዕለት ሙስሊሞች በአዲስ አበባ እኩልነትን ጠይቀው ሲሰለፉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ብዙም ሳይቆይ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።

ሙሉ ትዝታ ምን እንደሚመስል የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ ያስተምረናል። ቁርኣን ወንድሞቻቸው ጉድጓድ ውስጥ እንደጣሏቸው አልደበቀም፤ ይቅር ማለታቸውንም አልደበቀም። ይቅርታው የመጣውም ወንድሞቻቸው ጥፋታቸውን ካመኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰላም ከተበዳይ ብቻ አይጠበቅም፤ ጎረቤቶቻችንም በየቤታቸው የሆነውን ሳይሸፋፍኑ ለልጆቻቸው ሊነግሩ ይገባል።

ውድ ወላጆች! ስለ በደል ስታወሩ «እነሱ» አትበሉ። «እነሱ» ስንል እሳት የለኮሰውንም እሳት ሊያጠፋ የሮጠውንም አንድ እናደርጋለን። ያጠፋው ማን እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ፤ የደረሰልንም አይዘንጋ። እናንተም ወጣቶች፣ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ጻፉትም።

አላህ በደልን ሳንክድ፣ ውለታንም ሳንረሳ በሰላም የምንኖር ያድርገን። አሚን።