በቃል የተባለውና በፔሮል የወጣው ደመወዝ

አዲስ ሥራ የጀመረ ሠራተኛ በቅጥር ጊዜ የተነገረው ደመወዝ በመጀመሪያው የክፍያ ቀን ጎድሎ ሲያገኘው፣ ከክርክሩ በፊት ጉድለቱ ከምን እንደመጣ መለየት ይኖርበታል፤ የጎደለው ብር እኩል ቢሆንም እንኳ አንዱ ጉድለት የግብር ሕግ ውጤት፣ ሌላው የውል ጥሰት፣ ሌላው ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ሳያስተውል በፊርማው ያጸደቀው ለውጥ ሊሆን ይችላልና። በኢትዮጵያ የግል ድርጅቶች ውስጥ ይህን መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ወለሉ ሳይወሰን ዓመታት በማለፋቸው የአብዛኛው ሠራተኛ ደመወዝ የቆመው ሁለቱ ወገኖች በተስማሙበት ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ቃሉ ከታጠፈም ሠራተኛው የሚደገፍበት ሌላ ነገር የለውም።

ከሁሉ የሚቀለው ያልተጣራና የተጣራ ደመወዝ መምታታቱ ነው። ያልተጣራ የሚባለው ከማናቸውም ተቀናሽ በፊት ያለው ሙሉ ክፍያ ሲሆን፣ ከዚህ ላይ የሥራ ግብሩና ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው 7 በመቶ ሲነሣ የሚቀረው፣ በእጅ የሚገባው ገንዘብ የተጣራ ደመወዝ ይባላል። አሠሪው በበኩሉ የሚያዋጣው 11 በመቶ ከራሱ ኪስ መውጣት ያለበት በመሆኑ፣ 18 በመቶው በሙሉ ከሠራተኛው ላይ ተቀንሶ ከተገኘ ነገሩ መምታታት መሆኑ ቀርቶ በደል ሆኗል።

ጠለቅ ያለውና ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈው ጉዳት ግን አጠቃላይ ድምሩ ሳይነካ የሚፈጸመው ነው። አዋጁ በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ አድርጎ ሲተረጉም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልን፣ የመጓጓዣ አበልን፣ ጉርሻን፣ ኮሚሽንንና የመሳሰሉትን ከደመወዝ ውጭ አድርጓቸዋል። ለምሳሌ በቃል 20,000 ብር የተባለለት ሰው፣ ውሉ ሲጻፍ 9,000 ብር ደመወዝና 11,000 ብር ልዩ ልዩ አበል ተብሎ ቢቀርብለት፣ ድምሩ ያው ስለሆነ ምንም የተነካ አይመስለውም። ሆኖም በሁለቱ ወገኖች ስም በየወሩ ለጡረታ መግባት የነበረበት 3,600 ብር ወደ 1,620 ብር ይወርዳል፤ በመደበኛ የሥራ ቀን የሚሠራ የቀን ትርፍ ሰዓት በሰዓት ደመወዙ በአንድ ተኩል ተባዝቶ የሚከፈል በመሆኑ እርሱም ከትንሹ ቁጥር ላይ ይሰላል፤ የስንብት ክፍያውም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ገበያ ቀዝቅዟል በተባለ ጊዜ አሠሪው አበሉን ቀርቷል ለማለትና ደመወዙን እንዳልነካ ለመከራከር ይመቸዋል። ስለዚህ በቅጥር ድርድር ላይ «በጠቅላላው ይህን ያህል ይደርስሃል» የሚለውን አነጋገር ሰምቶ ዝም ማለት አይገባም፤ ከጠቅላላው ውስጥ ደመወዝ የሚባለው ስንቱ እንደሆነ መጠየቅ ነውርም ስስትም አይደለም።

ቃሉ በጽሑፍ ያልሰፈረለት ሠራተኛ መብት የለውም የሚለው የተለመደ እምነት ስህተት ነው። ሕጉ የሥራ ውል የግድ በተወሰነ ቅርጽ እንዲደረግ አያስገድድም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው ከስምምነቱ ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ፣ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ጉዳዮች የሚበላሹት እዚሁ ላይ ነው። ሠራተኛው ጽሑፉን በተቀበለ በ15 ቀናት ውስጥ በሙሉም ሆነ በከፊል ካልተቃወመው በእርሱና በአሠሪው መካከል እንደተደረገ ውል ስለሚቆጠር፣ ያነሰ ደመወዝ የተጻፈበትን ደብዳቤ «ለጊዜው ያዘው፣ በኋላ ይስተካከላል» ተብሎ የተቀበለ ሰው ዝምታው ስምምነት ሆኖ ይቆጠርበታል። ይህን ዝምታ በግዴለሽነት መተርጎም ግን ፍትሐዊ አይደለም። የቀድሞ ሥራውን ለቆ የመጣ፣ የመመለሻ በር የሌለው፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ሰው ገና በገባበት ቤት «ነገረኛ» እንዳይባል ይሉኝታ ቢይዘው የሚደንቅ አይደለም፤ በደሉን ከባድ የሚያደርገውም ሰውየው እምቢ ለማለት አቅም ባጣበት ሰዓት መፈጸሙ ነው። የሥራ ማስታወቂያው፣ የቅጥር ጥሪ ደብዳቤው፣ ደመወዙ የተጠቀሰበት የስልክ ወይም የቴሌግራም መልእክት፣ በድርድሩ የነበረ ሰው ምስክርነት በማስረጃነት ሊቀርቡ ስለሚችሉ፣ ተቃውሞውን በአንድ ገጽ አክብሮት የተሞላ ደብዳቤ ጽፎ ቅጂውን ማስቀረት ከቁጣም ከዝምታም ይሻላል።

የሙከራ ጊዜም የደመወዝ መቀነሻ ሰበብ ሲሆን ይታያል። የሙከራ ጊዜ አሠሪው የሠራተኛውን ለሥራው ተስማሚነት የሚመዝንበት፣ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ የማይችል ጊዜ ነው፤ በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር ሠራተኛው በዚህ ጊዜ ሙከራውን የጨረሰ ባልደረባው ያለው መብት ሁሉ አለው። በመሆኑም በቅጥር ጊዜ ያልተነሣ የግማሽ ደመወዝ ጉዳይ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሊፈጠር አይችልም። ለደንብ ልብስ ወይም ለሥልጠና ተብሎ የሚቆረጠውም ቢሆን ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ የማይፈቀድ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይሸፍን፣ በእውነት የመቅጠርና የማሰናበት ወይም የድርጅቱን አመራር የመወሰን ሥልጣን ይዞ የተቀጠረ ሰው ክርክሩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይመራል። የማዕረግ ስም ብቻውን ግን ማንንም የሥራ መሪ አያደርግም።

ጎዶሎውን ደመወዝ በፔሮሉ ላይ ፈርሞ የወሰደ ሠራተኛ ነገሩ እንዳበቃለት ቢያስብም፣ አንቀጽ 60 በመክፈያ መዝገቡ ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ መቀበል ቀሪውን እንደመተው እንደማይቆጠር ይናገራል። መብቱን የሚበላው ይርጋ ነው፤ ይርጋ ማለት አንድ መብት ካልተጠየቀበት የሚታገድበት የጊዜ ገደብ ሲሆን፣ ለደመወዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ለሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። የየወሩ ጉድለት የራሱ መነሻ ቀን ስላለው፣ አንድ ዓመት በተስፋ የጠበቀ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ጉድለት አጥቶታል። በቢሮ በር ላይ የሚሰጥ «ጥቂት ታገስ» የሚል የቃል መልስ ይህን ጊዜ አያቆመውም፤ የሚያቋርጠው ጉዳዩን የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል ወይም አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው መሥሪያ ቤት ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። ስለዚህ ክስ ለመመሥረት ያልቆረጠ ሠራተኛ እንኳ ከሰው ኃይል ክፍሉ ቢያንስ የጎደለው ገንዘብ እንዳለ የሚያምን አንድ መስመር በጽሑፍ ቢያገኝ የታገሠባቸው ወራት ከንቱ አይሆኑበትም፤ በዚህ ምክንያት ይርጋው ሊቋረጥ የሚችለው ግን ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው። የዚህ ዓይነት የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያም አይጠየቅበትም።