ኢኳላይዘር ከመግዛታችን በፊት

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ለጀመዓችን መቅረጫ ክፍል ባዋጣነው ገንዘብ ኢኳላይዘር ይገዛ ተብሏል። ከአምስት ኪሎ ፒያሳ ወርደን ስንጠይቅ ብዙዎቻችን የወደድነው 31 ተንሸራታች ቁልፍ ያለውን ግራፊክ ኢኳላይዘር ነው። እኔ ግን ባይገዛ እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ኢኳላይዘር የድምፅን ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ክፍል ለይቶ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ መሣሪያ ነው። በግራፊኩ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የሚነካው ቦታ አስቀድሞ ተወስኗል። አዳራሽ ውስጥ ማይክ ሲያፏጭ ለማስተካከል ጥሩ ነው። ለቀረጻ የሚመቸው ግን ጆርጅ ማሰንበርግ በ1972 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ፓራሜትሪክ ነው። ቦታውንም፣ ስፋቱንም፣ መጠኑንም የምንመርጠው እኛው ነን። የቁልፍ ብዛት የጥራት ምልክት አይደለም፤ በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው ፑልቴክ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ይዞ ዛሬም ይፈለጋል።

መድረሳ የቀራ ሰው ሶድ፣ ዛይና ሲን የሰፊር ፊደላት መሆናቸውን ያውቃል። ፉጨታቸው በአብዛኛው ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። የሶድ ክብደት ደግሞ አጠገቡ ባለው አናባቢ ላይ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሰማል። እዚያ ላይ እጃችን ከከበደ ፊደሉን እንነካለን።

ያጠፋሁትን ልናገር። አንድ ሸኽ መንዙማ ሲሉ ስቀዳ፣ ድምፁን ላለዝብ ብዬ በተዋስነው ግራፊክ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ዝቅ አደረግሁት። ቤት ገብቼ ስሰማው ሲኑም ሺኑም ታፍኗል። መልሼ ከፍ ሳደርገው የማሽኑ ሽውታ አብሮ ወጣ። ድጋሚ ልቀዳቸው ስል ሸኹ ወደ አኼራ ሄደው ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ቤተሰባቸው ዛሬ ያለው ያ የታፈነ ቅጂ ብቻ ነው።

የተቀዳ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ዓሊ አብደላ ካይፋ በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመሐሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ሲወጣ፣ አውሮፓ የሰማው ያኔ አዲስ አበባ የተቀዳውን ድምፅ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦

1. ገንዘቡ መጀመሪያ ለጥሩ ማይክ፣ ለምንጣፍና ለወፍራም መጋረጃ ይዋል። ክፍሉ የሚመልሰውን ማሚቶ ኢኳላይዘር አያጠፋውም።

2. ከተረፈ 3 ወይም 4 ባንድ ያለው ፓራሜትሪክ ይገዛ። 80 ኸርዝ አካባቢ የሚቆርጥ ሎው ከት፣ በፊትና በኋላ ያለውን ለማነጻጸር ባይፓስ፣ እንዲሁም የኤክስኤልአር መሰኪያ ይኑረው።

3. ኃይሉ 220 ቮልት መሆኑ ጀርባው ላይ ይታይ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

4. ያገለገለ ከሆነ ድምፅ እያለፈበት እያንዳንዱን ቁልፍ እናዙር። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቁልፉ ቆሽሿል ወይም አልቋል።

5. ስንቀዳ ከሎው ከት በቀር ሌላውን አንንካ። ማስተካከሉ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ይደረስበታል።

ገንዘቡ አማና ነው፤ የሸኾቻችን ድምፅ ደግሞ ከገንዘቡ የበለጠ አማና ነው። ወሰላሙ ዐለይኩም።