የክራርንና የበገናን እንጨት በዘይት ስለ መቀባት

ከደሴ ወደ ምዕራብ ተነሥቶ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ ወደ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ መካነ ሰላም ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ይህ አየር ለሰው ጤና የተስማማ ሲሆን ለእንጨት ዕቃ ግን ጨካኝ ነው። በክረምት ጉሙና ዝናቡ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ በበጋ ደግሞ ደረቁ ነፋስ መልሶ ያኰማትረዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ሲያብጥና ሲኰማተር የኖረ ገበቴም መጨረሻው መሰንጠቅ ነው። ስለዚህ በቤቱ ግድግዳ ላይ ክራር ወይም በገና የሰቀለ ሁሉ፣ ይልቁንም ከአባቱ የወረሰው እንደ ሆነ፣ ይህን ነገር ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ወሎ የዜማ አገር መሆኗን ማስረዳት አያስፈልግም። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚችው አገር ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸውና። ዐሥር አውታር ያለው በገና ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በመኳንንትና በካህናት ቤት የከበረ ነው። ነገር ግን የዜማው ምስጋና ብዙ ሲሆን የእንጨቱን ነገር የሚያስብ ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ የሚወደደው ዋንዛ ከወይና ደጋው የሚመጣ እንጂ በደጋው የሚበቅል አይደለም፤ ዛሬም እንደ ልብ አይገኝምና አንዱ ዕቃ ቢሰነጠቅ በምትኩ ሌላ ማሠራት ቀላል አይሆንም።

እንጨት በዘይት መቀባት ምን ማለት እንደ ሆነ የቤት እመቤቶች ከማንም ይልቅ በቶሎ ይረዱታል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ዘይቱ በእሳቱ ኀይል ጠጥሮ ጥቁርና ለስላሳ ገጽ ይሆናል። እንጨትን በእሳት ማሟሸት አይቻልም፤ ሆኖም አንዳንድ ዘይት ያለ እሳት፣ ከነፋሱ ብቻ ኦክሲጅን እየሳበ፣ በቀስታ ይጠጥራል። ከእነዚህም ዋነኛው የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ነገር ግን ከተልባው እጅግ ይዘገያል። ቅቤና ከውጭ አገር የሚመጣው የፓልም ዘይት ግን ከቶ አይደርቁም። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ አንድ ክራር በማእድ ቤት ዘይት አሽቼ ሰቅዬ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሳወርደው አቧራና ጥላሸት ተለጥፎበት፣ ሽታውም ተለውጦ፣ ለእንግዳ የማይቀርብ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። ያን ለማጽዳት የወሰደብኝ ድካም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆነኝ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። አስቀድሞ አውታሩ ይፈታል። ከዚያ እንጨቱ በሻካራ ወረቀት እንደ ሐረጉ አቅጣጫ ይፋቃል፤ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፤ ሲደርቅ የተነሣው ጭረት እንደ ገና በለዘበ ወረቀት ይፋቃል። ዘይቱ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በስሱ ይቀባና ጥቂት ቈይቶ፣ እንጨቱ ሳይጠጣው የቀረው ሁሉ ተጠርጎ ይወሰዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ እንዲያበራ ብሎ አወፍሮ ይተወዋል። የወፈረ ዘይት ከላይ ቆዳ ያበጅና ከሥር እርጥብ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ኋላም ይጨማደዳል። ስስ ሆኖ ሦስት ጊዜ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። በየመካከሉም እጅ ላይ የማይለጠፍ እስኪሆን መጠበቅ ይገባል፤ በደጋው ብርድ ይህ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ዘይት የማይነካውም ክፍል አለ። በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ዘይት ከጠጣ ይለዝባል፤ ድምፁም ይታፈናል። በገናን በገና ያሰኘው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዚራዎቹ ነውና፣ እነርሱም መራቅ አለባቸው። መቃኛውም ከተቀባ እየተንሸራተተ ቅኝት አይዝም።

የፈረንጅ ጊታር ሠሪዎችም ተመሳሳይ ጭንቀት አለባቸው። የጊታር ፊት ስስ እንጨት ስለ ሆነ ዘይት በብዛት ከጠጣ ይከብድና ድምፁ ይደክማል፤ ስለዚህ ብዙዎች አንገቱንና ጀርባውን በዘይት ሲያሹ ለፊቱ ይሳሳሉ። በፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር በ1737 የሞተው የጣሊያኑ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ ምን ይቀባ እንደ ነበር ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2009 የታተመ የሊቃውንት ምርመራ በአምስት የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ላይ ያገኘው ምሥጢራዊ ነገር ሳይሆን፣ ከሥር የሚደርቅ ዘይት፣ ከላዩም ዘይትና ሙጫ የተቀላቀለበት ቅብ ነው። ተልባን በማሳው የሚዘራ የቦረና ገበሬ ይህን ቢሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት በውስጡ እየተጠራቀመ ያለ ክብሪት ያለ ፍም በራሱ ሊነድ ይችላል። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ። ስለዚህ ጨርቁ እንደ ሥራው ፍጻሜ ወዲያውኑ በውሃ ይነከር፤ ወይም ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ለብቻው ይድረቅ። አሽከር ወይም ልጅ ጠቅልሎ ከማገዶ ጋር እንዳያስቀምጠውም ባለቤቱ ራሱ ይመልከት።

ሥራውን ለመጀመር የሚስማማው ጊዜ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እስከ ገና ድረስ ዘይቱ በደንብ ይጠጥራል፤ አውታሩም ተመልሶ ይወጠራል።