ከግድግዳው ጋር የሚሠራው ፓምፕ

ለአፍታ ቢቆም ሐሳብ አብሮት የሚቆም ኢንዛይም በአንጎላችን አለ፤ ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ። ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በሸርጣን ነርቭ ላይ አጥንቶ በ1957 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀው፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው ግን በ1997 ነው። ፓምፑ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። የነርቭ መልእክት የሚተላለፈው በዚህ ልዩነት ነው።

ፓምፑ የተተከለው በሴሉ ሽፋን ላይ ሲሆን ሽፋኑ በአብዛኛው ቅባት ነው። አንጎል በዋናነት የሚያቃጥለው ግሉኮስን ነው፤ ቅባትን የሚፈልገው ለግድግዳነት ነው። ኢንዛይሙ ሲሠራ ቅርጹን ይለዋውጣልና፣ መቃኑ እንደጠመመ በር፣ የማይመች ቅባት ሲከበው ይቸገራል።

የሚያንገበግበኝ ግን «ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚባለው ነው። ባለሱቁን የምን ዘይት እንደሆነ ስጠይቀው «የአትክልት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ፈረንሳዊው ዣን-ማሪ ቡርና ባልደረቦቹ በ1989 ያሳተሙትን ሥራ ላስታውስ። ግማሾቹን አይጦች የሱፍ አበባ ዘይት፣ ግማሾቹን የአኩሪ አተር ዘይት መገቧቸው። ሁለቱም የአትክልት ናቸው። የሱፍ አበባው ግን እንደ አኩሪ አተሩ ሳይሆን፣ ኦሜጋ-3 የተባለው የቅባት ዓይነት የለውም ማለት ይቻላል። የሱፍ አበባውን በተመገቡት አይጦች የነርቭ ጫፎች ላይ የፓምፑ ሥራ በ40 በመቶ ቀነሰ፤ የመማር ችሎታቸውም ተጎዳ። 5'-ኑክሊዮቲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በ20 በመቶ ሲቀንስ፣ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ በ12 በመቶ ቀነሰ። የምግቡ ዘይት ከተስተካከለ በኋላም አንጎሉ ለማገገም ወራት ፈጅቶበታል። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ሆኖም ግድግዳው የሚሠራው ከምንበላው መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

የኛው ኑግ በኦሜጋ-6 የታወቀ ነው፤ ኦሜጋ-3 ግን እጅግ ጥቂት ነው ያለው። ከዘይቱ ግማሽ በላይ ኦሜጋ-3 የሆነው፣ በጾም ካልሆነ የማናስታውሰው ተልባ ነው። ሰውነታችን የተልባውን ኦሜጋ-3 አንጎል ወደሚፈልገው ዲኤችኤ የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፤ ዓሣ ዲኤችኤውን በቀጥታ ይሰጣል። ስለዚህ ዓሣ የምታገኙ ብሉ፣ ተልባውንም አትተዉ።

ብቻ አደራ፣ የወር ተልባ ባንዴ ወቅጣችሁ አታስቀምጡ። ፍሬው ከተሰበረ ቅባቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይበላሻል። ሳይወቀጥ የተዋጠውም አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣል። ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ ውቀጡ።